ወርዶ የማያውቅ ገንዘብ

ሙግዳ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

አጂ፣ አያት፣ እየተባሉ የሚጠሩት ያሙና ልባቸው ድንግጥ ያለው ያን ጊዜ ነው። ምራታቸው ይህን ቤት ከረገጠች ጀምሮ ጫማ አድርጋ ደፍ ተሻግራ አታውቅም፤ ባሏ የሞተ ቀን እንኳ በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው።

"ምን ሆነሻል? ኢራ ምን ሆነች?"

"ኢራ ደህና ናት፣ እማዬ። ገንዘቡ ነው። የለም።"

"የቱ ገንዘብ?"

"የፈንዱ። ላወጣው ቢሮ ብሄድ ባዶ ነው አሉኝ።"

አሮጊቷ ከጣሪያው በሰንሰለት በተንጠለጠለው የእንጨት ዥዋዥዌ ላይ ነበሩ። የከሰዓት እንቅልፋቸው ገና ከዓይናቸው አልወጣም። ውጭ የፑኔ ከተማ በሙሉ እንደ ልማዷ ተኝታለች። ሱቁ ተዘግቷል። ዝናቡ እንኳ ሰው እቀሰቅሳለሁ ብሎ የፈራ ይመስል በሸክላው ክዳን ላይ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሕልም ነው ብለው አሰቡ። እግራቸውን ወደ ታች ሰደዱ። የወለሉ ድንጋይ ቀዘቀዛቸው።

ሕልም አይደለም።

ያ ገንዘብ ባላቸው ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ነው። እሳቸው ሲሞቱ ለልጅ ልጃቸው ለኢራ የነርስነት ትምህርት ተቀመጠ። ባንክ ዝም ብሎ ከሚተኛ ብለው አጂ ከጎረቤታቸው ከቫትሳላ ጋር ሄደው የአጭር ጊዜ የቦንድ ፈንድ ውስጥ አስገቡት። የብዙ ሰው ገንዘብ ይሰበሰብና ለመንግሥትና ለትልልቅ ድርጅቶች ለአጭር ጊዜ በብድር ይሰጣል፤ ወለዱ ለሁሉም ይደርሳል። እንዲያ ነበር የተነገራቸው። ሁለቱም እንዲህ ያለ ነገር ሲሞክሩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ ሠርግ የሚሄዱ ይመስል የሐር ሳሪያቸውን ለብሰው ነበር። የኢራ ክፍያ ደግሞ የፊታችን ሳምንት ነው።

"ቅዳሜ ዕለት እኮ የእህቴ ልጅ ሺሪሽ አንብቦልኛል!" አሉ አጂ። "ጨምሯል አለኝ። ከመቼውም በላይ ነው አለኝ!"

እንግዲያው የጠፋው ከቅዳሜ ወዲህ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ደግሞ የአጂ ስልክ ከሙግዳ እጅ አልወጣም፤ የኢራን ምዝገባ ልትጨርስ ይዛው ስትዞር ነው የሰነበተችው።

ሁለቱም ይህን እኩል አሰቡት።

ፖሊስ የጠራችው ሙግዳ ናት።

ኢንስፔክተር ሬቫቲ ጃግታፕ መጥታ ወለሉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። የአጂ የሟች እህት ልጅ ሺሪሽም ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጥቷል። ጃንጥላና የትምህርት ቤት ቦርሳ ይሸጣል። የአጂን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊሽጣ ይዞ እየመጣ ከስልካቸው ላይ የፈንዱን ዋጋ የሚያነብላቸው እሱ ነው።

"የስልኩን ሚስጥር ቁጥር ማን ማን ያውቃል?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ሁሉም" አሉ አጂ። "የባለቤቴ የልደት ዓመት ነው። የባንክ ካርዱም እሱው ነው።"

"እማማ፣ ይኼ ታዲያ ምኑ ነው ሚስጥር?"

"እንዳልረሳው ብዬ ነዋ፣ ልጄ!"

"ከፈንዱ የሚወጣ ገንዘብ በእርስዎ ስም ወዳለው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው የሚገባው። ከዚያ የሚያወጣው ካርዱን የያዘ ነው። ካርዱ የት ይቀመጣል?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ። ሺሪሽም ሙግዳም ዕቃ ሲገዙልኝ ይወስዱታል።"

"እኔ ከእሑድ ጀምሮ ናግፑር ከተማ ነበርኩ" አለ ሺሪሽ። "ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት። ቲኬቱ ይኸው።"

"ማን ጠየቀህ?"

"ከመጠየቄ በፊት ልናገር ብዬ ነው።"

ማክሰኞ ከሰዓት የውሃ ማጣሪያውን ሊጠግን የመጣ ሰውም ነበረ፤ አጂ ተኝተው ነው የገባው። ኢንስፔክተሯ ስለ እሱ ትንሽ ጠያየቀች። ቫትሳላ ግን ከማዶ በረንዳ ላይ ሆና ከገባበት እስከወጣበት ዓይኗን ከላዩ አላነሳችም። "ያን ቀን ያልተኛሁት ብቻዬን ነኝ፤ ጥርሴን አሞኝ" አለች። "ከውሃው ማጣሪያ ሌላ የነካው የለም። እሱንም አላጠበቀውም፤ አሁንም ያንጠባጥባል።"

የቀረች ሙግዳ ናት።

ሺሪሽ አክስቱን ወደ ጥግ ወሰዳቸው። "ፖሊስ ለምን አስፈለገ? ቤተሰብ ነን። ተቸግራ ይሆናል። በሰላም ትመልሰው፤ እኔ አነጋግራታለሁ።"

ሙግዳ ሰምታለች። አማቷን አየቻቸው። ጠበቀች።

አጂ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም።

በማግስቱ፣ በዚያው በእንቅልፉ ሰዓት፣ ሙግዳ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ዘርግታ ልብሷን ታጥፍ ነበር። እናቷ ቤት ልትሄድ ነው፤ ኢራንም ይዛ። አጂ ከዥዋዥዌው ላይ የጨርቁን ኮሽታ ይሰማሉ። ከሞራው ጀርባ ቤቱ ሁሉ ወተት ውስጥ የተነከረ መስሏቸዋል፤ ሰውም ዕቃም ጥላ ብቻ ነው። ልጃቸውን ቀብረው የቀረቻቸው ልጅ ይቺው ናት። እሷ ሌባ ከሆነች ገንዘቡ ቢመለስስ ምን ሊያደርግላቸው ነው?

ኢንስፔክተሯ ባዶ እጇን መጣች። የፈንዱ ቢሮ ዝርዝሩን ሰኞ እልካለሁ ብሏል። ቫትሳላ ጥብስ ኦቾሎኒ በሳህን ይዛ ተከትላት ገባችና አጂ አጠገብ ቁጭ አለች። ዥዋዥዌው ሁለቱን ይዞ ሲጥጥ አለ።

"ብዪ እንጂ፣ አፍሽ ላይ ጣል አድርጊ። በገንዘብ እህል አይተውም።"

"አንቺ ምን አለብሽ፣ የአንቺ አለ።"

"አለ፤ አለና ምን ይሁን! ባለፈው ክረምት ዋጋው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲወርድ ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ አልነበር? አንቺ ደግሞ እዚሁ ተቀምጠሽ ትስቂብኝ ነበር።"

"የእኔማ ወርዶ አያውቅም" አሉ አጂ። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሃል እንኳ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

"ፈንዱም ይፈራሻል ማለት ነው! ሟቹ ባልሽም ይፈራሽ ነበር።"

የኢንስፔክተሯ የሻይ ብርጭቆ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ።

"እማማ ቫትሳላ፣ የእርስዎ ፈንድ የት ነው?"

"ከእሷው ጋር ነዋ። አብረን ነው የገባነው።"

"አንድ ፈንድ?"

"አንድ። አንድ ቢሮ፣ አንድ ቀን። እሷ እንዲያውም ቀድማኝ ነው የፈረመችው፤ መቼ ተራ ትጠብቃለች!"

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። "እኔም አምና ነው የጀመርኩት፤ ጀማሪ ነኝ። በየቀኑ ነው ተጨንቄ የማየው። የወለድ ተመን ከፍ ሲል ፈንዱ የያዘው የድሮ ቦንድ ትንሽ ይረክሳል፤ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ደግሞ ይመለሳል። አንድ ፈንድ ግን በአንድ ቀን ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው ያለው። የእሳቸው ሲወርድ የእርስዎ ሊጨምር አይችልም፣ እማማ።"

ዥዋዥዌው ቆመ።

"ማን ነበር የሚያነብልዎት?"

አጂ ስሙን መጥራት ከበዳቸው። "ሺሪሽ።"

"እንግዲያው ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሚነግርዎት ውሸት ነበር፤ ገንዘቡም የጠፋው በዚህ ሳምንት አይደለም። ናግፑር መሄዱም አያድነውም።"

በአልጋው ክፍል የልብሱ ኮሽታ ጸጥ አለ።

ቅዳሜ ነውና ሺሪሽ እንደ ልማዱ ጊሽጣውን በፌስታል ይዞ መጣ። ኢንስፔክተሯን ሲያይ በር ላይ ቀረ። ልትጠይቀው ስትል አጂ እጃቸውን አነሱ።

"ሺሪሽ፣ ባለፈው ክረምት የቫትሳላ ሲወርድ የእኔ ለምን አልወረደም?"

ፌስታሉ ከእጁ አመለጠ። አንድ ጊሽጣ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ዥዋዥዌው ሥር ገባ። ማንም አላነሳውም።

"መጀመሪያማ እውነቱን ነበር የማነብልሽ፣ አክስቴ" አለ በመጨረሻ። "ከዚያ አንድ ቅዳሜ ትንሽ ወረደ። የዚህን ጊሽጣ ዋጋ አይሞላም። አንቺ ግን እህል አልቀመስሽም። ቀኑን ሙሉ እየደወልሽ 'ጨመረ ወይ?' ትዪኛለሽ። በሚቀጥለውም ወረደ። ጨምሯል አልኩሽ። ሳቅሽ። እንዲያ ስትስቂ ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር መሰለሽ!"

"ከዚያስ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ከዚያማ ያልኩትን ሁሉ እንደምታምን ገባኝ። ሱቄ ከሰረ። ለአንድ ወር ብቻ ብዬ ትንሽ አወጣሁ። መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲመጣ አጠፋሁት። እመልሳለሁ እያልኩ ጨረስኩት። አክስቴ ግን በየቅዳሜው ደስ ብሏት ነው የምትውለው።"

"ሙግዳስ?" አሉ አጂ። "ትላንት ጣትህን ወደ እሷ ቀሰርክ። እሱም ደስ እንዲለኝ ነው?"

ሺሪሽ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ኢንስፔክተሯ ክንዱን ይዛ አወጣችው። አጂ አልጮኹም። የሕፃንነት ፊቱ ነው የታያቸው፤ ከእህታቸው ጀርባ ተደብቆ የሚያጮልቀው።

ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ አልጋው ክፍል ገቡ። ከሻንጣው አንዱን ሳሪ አንሥተው ወደ ቁም ሳጥኑ ወሰዱ። ሌላውንም። ሙግዳ ቆማ ታያቸዋለች።

"ትላንት 'እሷ አይደለችም' አላልኩም።"

"አላሉም።"

"ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ። ግን አልረሳውም።"

"አትርሺው። ብቻ አትሂጂ።"

ሙግዳ ሻንጣውን ዘጋችው፤ ባዶውን።

የሺሪሽ ሱቅ ተሸጠ። ከሽያጩ የተመለሰው ከጠፋው ግማሹን ቢያህል ነው። የኢራ የመጀመሪያ ዓመት ተከፈለበትና የቀረው እዚያው ፈንድ ገባ። ቫትሳላ "አሁንም?" አለቻቸው። "ፈንዱ ምን አደረገኝ?" አሉ አጂ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተማው ከተኛ በኋላ፣ ሙግዳ ስልኩን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ዛሬ ወርዷል፣ እማዬ።"

አጂ የዥዋዥዌውን ሰንሰለት ጨበጡ። "ብዙ ነው?"

"ትንሽ።"

ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሊጠይቁ ፈለጉ። ነገም ይወርድ እንደሆነ ሊጠይቁ ፈለጉ። ከንፈራቸውን ነከሱና ወለሉን በእግራቸው ጣት ገፋ አደረጉት። ዥዋዥዌው ሁለቱንም ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"እንዲሁ ንገሪኝ" አሉ። "ሁልጊዜ።"

ዝናቡ ክዳኑ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሳያስቡት ዓይናቸው ተከደነ። በር ላይ የሙግዳና የኢራ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።