ፉልማያ ካትማንዱን ያየች ቀን

ፉልማያ ካትማንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠችው የወንድሟን ሬሳ ልትቀበል ነው። ወንድሟ ዓረብ አገር ሕንፃ ሲሠራ ወድቆ ሞተ። አባቷ የተራራ መንደራቸውን ቁልቁለት መውረድ ስላቃታቸው የሃያ ዓመቷ ልጅ ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች።

አየር ማረፊያው የዕቃ በር ላይ ካርና የሚባል ጠይም ወጣት ቆሟል።

«አንቺም ሣጥን ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«ወንድሜን።»

«እኔም ወንድሜን።»

የበሩ ጠባቂ ወጥቶ፣ «አውሮፕላኑ ነገ ነው፤ ሂዱ» አላቸው።

ካርና ማደሪያ እንደሌላት ሲሰማ አክስቱ ቤት ሊያሳድራት ይዟት ሄደ። መንገድ ላይ፣ ከኮረብታው አናት ዓይን የተሳለበትን የስዋያምቡን ቤተ መቅደስ አየችና ቀጥ አለች።

«ወንድሜ ሲመለስ እዚያ ሊያወጣኝ ነበር።»

«እኔ ላውጣሽ።»

«ሐዘንተኛ ሽርሽር ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«እዚህ አገር ማን ያውቅሻል?»

ደረጃውን ወጡ። እኩሌታው ላይ አንዲት ጦጣ የካርናን ጥብስ በቆሎ ከእጁ መንጭቃ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትፈለፍል ጀመር። ፉልማያ ሳቀች። ወዲያው አፏን በሻሿ አፍና አለቀሰች። ካርና አላባበላትም፤ አጠገቧ ተቀመጠ። ልቧ ያን ጊዜ ወደ እሱ ሄደ።

«አምስት ቀን ነው የቀረኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔም እዚያው ልሄድ ነው።»

«ወንድምህን የበላው አገር?»

«የወንድሜን ልጆችስ ማን ያብላ?»

«ባትሄድ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልክ ነበር።»

በማግስቱ ሁለቱ ሣጥኖች በአንድ ጭነት መኪና ተጫኑ። መንገዱ ሲገነጠል ካርና የሷን ሣጥን ሊቀበሏት ከወጡ ዘመዶቿ ጋር አውርዶ፣ ተመልሶ መኪናው ላይ ወጣ። ስልክ ቁጥር ተሰጣጥተው ተለያዩ።

ሦስት ዓመት ፍቅራቸው በስልክ ነበር። በአራተኛው ካርና ተመለሰ። የበረሃው ሙቀት ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨርሷቸው፣ በሳምንት ሁለቴ ደሙ በማሽን ካልታጠበ አይኖርም።

አባቷ ልታገባው እንደሆነ ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ሬሳ ልታገቢ ነው?» አሏት።

«ሬሳማ አንዴ ተቀብያለሁ፣ አባባ። ይሄ በእግሩ ነው የመጣው።»

ተጋቡ። ካትማንዱ ደሙ የሚታጠብበት ሆስፒታል አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ካርና እስኪያርፍ ድረስ አሥራ አራት ወር ኖሩ።

ዛሬ የመንደሯ ሴቶች፣ «በዚያ ትዳር ምን አተረፍሽ?» ሲሏት ፉልማያ አትቆጣም።

«አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነበር» ትላለች።