እንግዳው ሽቦ

«ኧረ ይሄ ነገር ቀልቷል!» አለች አጥር፣ የጓደኛዋን ክንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳብ አድርጋ።

ጥይት እጅጌዋን ቶሎ አወረደች። ሌሎቹ ልጆች ልምምድ ጨርሰው ወጥተዋል፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ትንሽ አሳከከኝ እንጂ ምንም የለም። ላብ ነው።»

«ላብ እንዲህ ያሳብጣል?»

ቅጽል ስሞቹን ያወጣላቸው የእጅ ኳስ ቡድናቸው ነው። በረኛዋ ኳስ አታሳልፍም፤ አጥር አሏት። ሌላዋ ስትወረውር ኳሱ መረቡን ሲመታ እንጂ ሲሄድ አይታይም፤ ጥይት አሏት። እሷም ስሙ እንደሚገባት አትጠራጠርም። ሕፃን ሳለች የስኳር ሕመም ሲገኝባት «ምስኪን» እያሉ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ዘመዶች ነበሯት። ዛሬ እነዚያው ዘመዶች ሜዳ ዳር ቆመው በስሟ ይጮኻሉ።

ድሮ በየጨዋታው መሐል እናቷ ከመስመሩ ዳር ሆና «ነይ ውጪ! ስኳርሽን እንየው!» ትላት ነበር። ጣቷን ወግታ፣ ደም ጠብ አድርጋ፣ ለክታ እስክትመለስ ጨዋታው መልኩን ይቀይራል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ቀኝ ክንዷ ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ሴንሰር ተለጥፋለች። ከስሯ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ስኳሯን ያነባል፤ ቁጥሩ እናቷ ስልክ ላይ ይወጣል። እናቷም አርፋ ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

ሴንሰሯ ተራ አይደለችም። ሆስፒታል ውስጥ ምርምር የምትሠራ ዶክተር በፈቃደኞች ላይ የምትሞክራት ናት። ያኔ ስትለጥፍላት «ሰውነትሽ ዘበኛ አለው» ብላት ነበር። «ብረት ሲገባበት ‹ማነህ?› ይላል። ይቆጣል፣ ዙሪያውን ግድግዳ ይሠራበታል፣ ሽቦውም ማንበብ ያቅተዋል። እኛ ሽቦውን በጣም ስስ ሽፋን አልብሰነዋል። ዘበኛው ሲያየው ዘመድ እንዲመስለው።»

ዘመድ የተባለው እንግዳ ታዲያ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቷታል።

«ሐሙስ ምርመራ አለኝ» አለች ጥይት። «ለዶክተሯ ከነገርኳት ትነቅለዋለች። ቅዳሜ ደግሞ ፍጻሜው ነው። እማ ያለ ሴንሰር ‹ሜዳ ድርሽ እንዳትዪ› ብትለኝስ?»

«ታዲያ ማን ተናገሪ አለሽ? ዝም አይነቅዝም!» አጥር ነገሩ ያለቀለት ያህል ቦርሳዋን አነገተች። «የእህቴን የፊት ቀለም አመጣልሻለሁ። መልካችሁ አንድ ነው። ለቅለቅ ስናደርግበት እልም ይላል። እሁድ ‹ዛሬ ቀላብኝ› ትያታለሽ፣ አለቀ።»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አጥር ምላሷን በጥርሷ ይዛ እንደ ሠዓሊ ተጠበበችባት። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አየችው። «ፏ ብሏል! የወለደችሽም አታውቀው።»

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች። እግሮቿ መሬት አይደርሱም። የጥይትን ክንድ አይታ ጠጋ አለች።

«አንቺም ስኳር አለብሽ?»

«አለብኝ» አለች ጥይት እየሳቀች።

ልጅቷ ጣቶቿን ዘረጋችላት። ጫፎቻቸው በመርፌ ተበሳስተው ነቁጥ በነቁጥ ሆነዋል። «ሰኞ ለእኔም እንዳንቺ ያደርጉልኛል። አባዬ አያምም ብሎኛል።» አባቷ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያሳክካል?»

ጥይት «አያሳክክም» ልትል አፏን ከፈተች። የተበሳሱትን ጣቶች አይታ ግን መልሳ ዘጋችው። በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ ተጠራች።

«ቆይኝ፣ እነግርሻለሁ» ብላት ገባች።

ዶክተሯ ክንዷን ገለጥ አድርጋ አየት አደረገችው። «ጎሽ! ንጹሕ ነው። ማሳከክ፣ ሕመም፣ ምናምን የለም?»

ጥይት ጠረጴዛው ላይ ካለው ጥጥ ቆረሰች፣ ከቧንቧው ውኃ አርሳ ክንዷን ጠረገች። ቀለሙ ጥጡ ላይ ቀረ፤ ከስሩ የተቆጣው ቀይ ቆዳ ብቅ አለ።

ዶክተሯ አንዴ ጥጡን፣ አንዴ ጥይትን አየች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅዳሜ ፍጻሜ አለን» አለች ጥይት። «እንዳይነቅሉብኝ ብዬ ነው። ሰሞኑን ያሳክከኛል።»

«ሰኞ ሕፃናቱ ላይ ልንጀምር ነበር እኮ!» ዶክተሯ ድምጿን ባታነሳም መቆጣቷ ያስታውቃል። ጓንቷን አጥልቃ ሴንሰሯን በቀስታ ነቀለች፣ ቁስሉን አጸዳች፣ ቅባት አደረገችበት። ሽቦውን ልታስቀምጥ ስትል ግን እጇ ቆም አለ። «የምትወረውሪው በየትኛው እጅሽ ነው?»

«በዚሁ።»

«በቀን ስንቴ?»

«ኧረ ማን ይቆጥራል?»

ዶክተሯ ቁጣውን ረሳችው። ሽቦውን ይዛ ወደ ላብራቶሪው ገባች፤ ጥይትም ተከተለቻት። ማይክሮስኮፑ ያሳየው ነገር ስክሪኑ ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ። የሽቦው ጫፍ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን ሽፋኑ በበጋ እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

«አየሽው?» አለች ዶክተሯ። «ሽፋኑን ሰውነትሽ አልጠላውም። ሲሰነጠቅ ግን ዘበኛው ከስር ያለውን ብረት አየው። የሌሎቹ ፈቃደኞች ደህና የሆነው ለካ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለሚውሉ ነው! ሲታጠፍ የሚለጠጥ ሽፋን ያስፈልገናል።»

«ሕፃናቱስ?»

«ይቆያሉ። እነሱ እንደሆኑ ካንቺ በላይ ይዘላሉ።»

ጥይት ስትወጣ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች። «ያሳክካል» አለቻት። «የማያሳክክ እስኪሠሩልሽ ትንሽ ትጠብቂያለሽ።» ልጅቷ ከንፈሯን ጣለች። አባቷ ግን ጥይትን ቀና ብሎ አያትና «ተባረኪ» አላት።

እቤት ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት። የቀለሙን ጉዳይ ስትሰማ እናቷ ቤቱን አናወጠችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» አለች፤ ካልሲ ሲጠፋም የምትለው ይህንኑ ነው። ቁጣዋ ሲበርድላት የድሮውን መለኪያ ከመሳቢያ አውጥታ ባትሪውን ቀየረችለት።

ቅዳሜ ጥይት በየዕረፍቱ እየወጣች፣ ጣቷን እየወጋች ተጫወተች። ጎል አገባች፣ አንዴም የጎሉን አግዳሚ ብረት አስጮኸች። ዋንጫው ግን በአንድ ጎል አመለጣቸው። «አጥሩ ፈረሰ» አለች በረኛዋ ወለሉ ላይ ተዘርራ። ጥይት እጇን ይዛ አነሳቻት፤ ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ከሆስፒታል ተደወለ። ከእናቷ ጋር ሲሄዱ የዶክተሯ ፊት በደስታ በርቷል። አዲሱ ሽፋን ላብራቶሪ ውስጥ በማሽን ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ ከርሞ አልተሰነጠቀም።

«ክንድሽን አንዴ ስለተቆጣ እናሳርፈው» አለች። «ሆድሽ ላይ ብናደርገው ብዙ አይንቀሳቀስም። አንቺም አትቸገሪም፣ ደህና ውጤትም እናገኛለን።»

ጥይት እናቷን ዞር ብላ አየቻት።

«ሕፃናቱስ ወንበር ላይ ነው እንዴ የሚውሉት?» አለች ጥይት።

ከዚያ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።