የተገለበጠው ካልሲ

ሬሳው የተገኘው ከሸዋ በር ወደ ጀጎል ውስጥ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ፣ ከቁልቁሉ ደረጃ ሥር ነው። ዘላለም ነበር። በሕይወት ሳለ ሰፈሩ መንገድ የሚለቅለት ጉልበተኛ፣ ሞቶም የሚቀርበው ጠፋ። ትናንት ሲመሽ ጠጥቶ ሲወርድ አዳልጦት ነው ያሉ ነበሩ። ብዙው ሰው ግን ገና በጠዋቱ በኤርሚያስ ላይ ፈርዷል።

ምክንያትም አለው። ከሦስት ወር በፊት የኤርሚያስ አባት መምህር ለገሠ፣ ዘላለም ሰው ሲወጋ አይተው መሰከሩበት። በሳምንቱ ባጃጅ ገጭቷቸው ሞቱ። ባጃጁን የነዳው ቢኒያም የተባለ የዘላለም ጓደኛ ነው ተባለ፤ ዳሩ ግን መዝገቡ ምስክር አጥቶ ተዘጋ። ኤርሚያስም ገበያ መሃል ቆሞ «ዘላለምን ሳልቀብር አልሞትም» ብሎ ማለ። እነሆ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እጁ ካቴና ውስጥ ገባ።

ያንን መዝገብ የዘጋችው ኢንስፔክተር ገላነሽ ራሷ ናት፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ከሬሳው እግር ሥር ቁጢጥ ብላ ጫማውን ፈታች።

«ካልሲው ተገልብጧል» አለች።

«ሰካራም አይደል?» አለ አብሯት ያለው ፖሊስ።

«የሁለቱም እግር?»

ካልሲዎቹን አወለቀች። በሁለቱ የእግር አውራ ጣቶች ዙሪያ ክር የተወው ቀጭን መስመር ነበር። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በልዟል፤ ቆልማማ ነገር ከኋላ የሳበው ይመስላል። ዓይኖቹ ደግሞ በደንብ ተከድነዋል። ገላነሽን ፍርሃት ነገር ወረራት።

ሬሳውን ያገኘችው ሳዳ ቤቷ እዚያው ደረጃው ሥር ነው።

«ወላሂ ምንም አልሰማሁም» አለች።

«መምህር ለገሠ የተገጩ ዕለትም አልሰማሁም ብለው ነበር።»

ሳዳ አቀረቀረች። «ያ ረቢ! ፈራን እኮ። እሳቸው ላይ የደረሰውን አየን። ለቅሷቸው እንኳ መሄድ የደፈርነው ሃምሳ አለቃ አባይነህን ተከትለን ነው።»

«ሃምሳ አለቃ ማን ናቸው?»

«ጡረተኛው ወታደር ናቸዋ! የእናንተን የክርስቲያኖቹን እድር ወንዶች ሬሳ የሚገንዙት።»

ቢኒያም ቁጭ ብሎ መናገር አቅቶታል። ገላነሽ «ሬሳውን ነካኸው?» ስትለው፣ «እኔ? ሬሳ ከሩቅ ካየሁ እህል አይወርደኝም» አለ።

ኤርሚያስን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባትህ ሲገነዙ አይተሃል?»

«አስወጡኝ። አላስቻለኝም ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳዳ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃ አባይነህ ቆልማማ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ለእንግዳ በሚለቀቀው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

«ዘላለም አልተገፈተረም» አለች ገላነሽ። «ሲወርድ እግሩ ከኋላ ተጠለፈ። ጎረምሳ ቢሆን ይገፈትር ነበር፤ የጠለፈው ጉልበት የከዳው ሰው ነው። ገዳዩ ደግሞ አልሸሸም። ወርዶ ዓይኑን ከደነለት፣ ጫማና ካልሲውን አውልቆ አውራ ጣቶቹን አሰረ። ሬሳ ሳይገንዝ ጥሎ መሄድ እጁ እምቢ አለው። ያደረገው ለራሱ የታወቀው በኋላ ነው። ክሩን ፈታ፣ ካልሲውን መለሰ፤ ግን መሽቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፣ ገልብጦ አለበሰው። ኤርሚያስ መገነዝ አላየም። ቢኒያም ሬሳ አይነካም። ወይዘሮ ሳዳ የእኛን አገናነዝ ከየት ያውቁታል?» ወደ ሃምሳ አለቃ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስቲ ኪስዎን ያሳዩኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው የኤርሚያስን ካቴና ሲያዩ ቆዩ።

«ጠዋት ጣቢያችሁ በር ደርሼ ተመለስኩ» አሉ። «በዚህ ዕድሜ እስር ቤት መሞት ፈራሁ። ይቅር በለኝ ልጄ። ዘንድሮ ሦስት ሰው ገነዝኩ፤ ሦስቱንም የገደለው ወይ ያስገደለው ዘላለም ነው። አራተኛ መገነዝ አልፈለግሁም።»

«ያኔ ብናገር ኖሮ…» አለች ሳዳ።

ከኪሳቸው በልክ የተቆረጡ ሁለት ነጭ ክሮች ወጡ።

«ይሄኛው ለማን ነው?» አለች ገላነሽ አንዱን አንስታ።

«የዘላለምን ጣልኩት። ይሄ ለቢኒያም ነበር።»

ቢኒያም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ።

«ሁለተኛውስ?»

«የራሴ ነው። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ገናዡን ማን ይገንዘዋል ብዬ…»

ፖሊሱ ካቴናውን ከኤርሚያስ እጅ ፈታ። ሃምሳ አለቃ የእጆቻቸውን ሁለት አውራ ጣቶች አጋጥመው ዘረጉለት። ኤርሚያስ የቀላ አንጓውን እያሻሸ ከፊታቸው ተንበረከከ።

«ክሩ እንዴት እንደሚታሰር ያሳዩኝ፣ አባባ» አለ።