ምስር የምታህል ቀዳዳ

«ቆሻሻው ነው የገደላቸው» ይሉ ነበር ዶሪን። በዳቦ ቤቱ ሰልፍ አሉት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አሉት፣ በረዶ ሲዝቁ በአጥር አሻግረው አሉት። «ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያንን የጨው ውሃ ገንዳ ማጽዳት ትተው ነበር፤ ሞልቶ ፈሰሰባቸው።» ወሬን መደጋገም ምስክርነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ጎረቤትየዋ ዶሪን የእነሱ አለቃ ነበሩ።

ሽማግሌው ኦረስት የሞቱት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ባሕር በማያውቃት በካናዳዋ ሬጃይና ከተማ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። የወንድማቸው ልጅ ኩርት እሑድ ሲመጣ የዓሣ ገንዳቸው ሥር፣ በጨው ውሃ መሃል እንደተንበረከኩ ተደፍተው አገኛቸው። ኤሌክትሪክ ነበር የገደላቸው። ወለሉ ላይ የነበረው ኤክስቴንሽን ውሃ ውስጥ ሰጥሟል።

መርማሪ ሎርና ፔልቲየር ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተች። ውስጡ የማጣሪያው ገንዳ አለ፤ ከላይኛው ገንዳ የወረደ ውሃ እዚያ ተጣርቶ በፓምፕ የሚመለስበት። መስታወቱ ላይ አልጌ የለም። ሥሩ ላይ አተላ የለም። የታጠቡ የማጣሪያ ከረጢቶች እንደ መሐረብ ታጥፈው ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አዲስ ትንሽ መብራት ተሰቅሏል፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ ካለው ማከፋፈያ ስላልደረሰ ነው ያ ኤክስቴንሽን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ወለሉ ላይ የተዘረጋው።

በሩ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል፦ መጀመሪያ ፓምፑን አጥፋ፣ ከረጢቱን ለውጥ፣ አረፋ የሚጠራቀምበትን ኩባያ እጠብ፣ በመጨረሻ ከላይ ያለችውን ቀዳዳ በስንጥር ጥረግ። የእጅ ጽሑፉ የኦረስት አልነበረም።

ገንዳው ፊት ሁለት ወንበሮች አሉ። በአንደኛው ላይ የአራት ወር ጋዜጣ ተቆልሏል።

ቁልፍ ያላቸው ሰዎች ሦስት ናቸው። በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ኦረስት ወደ ሚስታቸው መቃብር እንደሚሄዱና ቤቱ ባዶ እንደሚሆንም ሦስቱም ያውቃሉ። ሎርና ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ ፓምፑ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

«ዓሣው ይሞታላ» አሉ ዶሪን። «ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ጩኸቱ ይቆማል» አለ ኩርት። «ስመጣ እዚህ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። አንድ ቀን እንኳ አላስተኛኝም።» አጎቱ ቤቱን ሸጠው አረጋውያን ቤት እንዲገቡ ይጨቀጭቃቸው እንደነበር አልደበቀም።

ሦስተኛው የኦረስት የሃያ ዓመት ጓደኛ ግሌን ሪምስታድ ናቸው። «የላይኛው ውሃ በቧንቧው ተመልሶ ይወርዳል» አሉ። «ቀዳዳዋ አየር ስባ እስክታቆመው ድረስ።»

ኦረስትና ግሌን ለምን እንደተኳረፉ የነገራት ኩርት ነው። ኮራል፣ ድንጋይ መስሎ የሚያድገውን የባሕር ፍጥረት፣ የሚያሳድጉ ሰዎች ሕግ አላቸው፤ ቅንጣቢ ሰጥተህ ያንተ ቢሞት፣ ከሰጠኸው ሰው ቅንጣቢ መልሰህ ትቀበላለህ። ግሌን የራሳቸው ሟች ሚስት ኢንግሪድ የመረጠችውን ብርቱካናማ ኮራል ቆርሰው ለኦረስት ሰጥተው ነበር። በመኸር መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ በግሌን ገንዳ ውስጥ ያለው ሁሉ ሞተ። ሄደው ጠየቁ። ኦረስት «ቆይ» አሉ። ወሩም አለፈ፣ ሌላውም፤ መልሱ ያው «ቆይ» ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ሎርና ሦስቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበች። በጋዜጣ በተሞላው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ቆሻሻ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች፣ ዶሪንን እያየች። «ከዚህ ቤት የእኔ ወጥ ቤት ይቆሽሻል። ሁሉን ባጸዱ ሰው ቤት አንዲት ነገር ብቻ ተደፍና ተገኘች፦ የመመለሻው ቧንቧ ላይ ያለች፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ። እሷ ከተደፈነች ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው መውረዱን አያቆምም፤ የታችኛው ገንዳ ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። የደፈናት የጨው ቅርፊት ቢሆን አደጋ ነው እል ነበር። የደፈናት ግን የኮራል ማጣበቂያ ነው። ሲያሹት ሊጥ ነው፣ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። የአውራ ጣት አሻራም ይዞ ይቀራል።»

ኩርት ሳያስበው ጣቱን ተመለከተ።

«አንተ አይደለህም። አንተም ሆንክ ወይዘሮ ዶሪን ቀዳዳዋ ምን እንደምትሠራ አታውቁም። የደፈናት ሰው ፓምፑ መጀመሪያ እንደሚጠፋ፣ ቀዳዳዋ ግን በመጨረሻ እንደምትጠረግ ያውቃል። ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው ነው። ጽሑፉ የእርስዎ ነው፣ አቶ ግሌን።»

ግሌን አልካዱም። መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ይደውልልኛል ብዬ ነው» አሉ። «ድሮ ምንጣፉ በራሰ ቁጥር ይደውልልኝ ነበር። ባልዲ ይዤ እመጣለሁ፤ እሰድበዋለሁ፤ አብረን እናደርቃለን።»

«ኤክስቴንሽኑስ?»

«ወለል ላይ ገመድ አኑሮ አያውቅም። አርባ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አርብ ዕለት ከላይ ቀዳዳዋን ብቻ ደፍኜ ወጣሁ። ታችኛውን በር አልከፈትኩትም።»

ፖሊሶች ግሌንን ሲወስዷቸው ዶሪን በሩን ከፍተው ያዙላቸው።

ሎርና ወደ ኋላ ቀረች። ኩርት የማጣሪያውን ገንዳ በባልዲ እየቀዳ ሲያራግፍ፣ ከመጨረሻው ክፍል፣ ከአዲሱ መብራት ሥር፣ የመዳፍ ስፋት ያላት የሸክላ መቀመጫ አወጣ። ላይዋ የተጣበቀው ቅንጣቢ ውሃው መዘዋወር ካቆመ ወዲህ ነጥቶ ሞቷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

ሎርና ተቀብላ ገለበጠችው። ከሥሩ በእርሳስ፣ በኦረስት የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ የኢንግሪድ። ሦስቴ ቆርጬ ሞቶብኝ ነበር፤ ይኸኛው ያዘ። ቅዳሜ፣ ካጸዳሁ በኋላ፣ ለግሌን መደወል።