በድንጋዩ ላይ ያለው ዓመት

ሐጂ ሸምሱ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት የአያታቸው መቃብር ነው በተባለው ድንጋይ ሥር ነው። ማጅራታቸው ላይ ተመትተዋል። የተመቱበት የድንጋይ ጠራቢ መዶሻ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተጥሏል። ኢንስፔክተር አዛለች በማለዳ ስትደርስ ግን ወደ ሬሳው የሚያይ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ ግቢ አዙሮ የይድነቃቸውን የቆርቆሮ በር በድንጋይ ይቀጠቅጥ ነበር።

«እሱ ነው! ሌላ ማን አለ?»

«አውጡትና ስጡን!»

አዛለች ጮሃ አታውቅም። ከሰዉ መሃል ገብታ በሩ ላይ ተደገፈች። «በሉ፣ መወርወር የሚፈልግ እኔን አልፎ ይወርውር» አለች። ድንጋዮቹ ቀስ በቀስ ከእጅ ወረዱ። ይድነቃቸው በፖሊስ መኪና ተጭኖ ሲሄድ አሮጊት እናቱ ላይ ሳይቀር ተተፋ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በሁለቱ ግቢዎች መካከል አንዲት ቁራሽ መሬት አለች። ይድነቃቸው «አያቴ ለሹመት ከሰሜን መጥቶ በ1926 የተሰጠው ነው» ይላል። የሐጂ ቤተሰብ «የእኛ አያት ከዚያ በፊት፣ በ1925 ሞተው እዚሁ ተቀብረዋል» ይላል። ክፍለ ከተማው ሰልችቶት ጉዳዩን ለሽማግሌ መለሰው። ሽማግሌዎቹም መቃብሩ ከተገኘ መሬቱ የሐጂ ነው ብለው ቆረጡ። በዚህ ሚያዝያ ወር መግቢያ ላይ አጥር ሲተከል ድንጋዩ ከመሬት ወጣ፤ የአያትየው ስም በዓረብኛ፣ ከሥሩ ደግሞ የሂጅራ ዓመት፣ 1354። ይድነቃቸው ተሸነፈ ተባለ። ሐጂ ሲገደሉም ጣት ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ይድነቃቸው የሚወደድ ሰው አለመሆኑን ሳንደብቅ እንናገር። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥ ይመስለዋል። ጣቢያ ውስጥም አልተለወጠም።

«ትናንት አመሻሽ ሐጂ በርህን ሲያንኳኩ ሰው አይቷቸዋል» አለችው አዛለች።

«አንኳኳ። አልካድኩም።»

«እና?»

«‹ልጄ፣ ክፈትልኝ፣ ስለ ድንጋዩ ነው› አለ። አሸንፎኝ ሊሳለቅብኝ ነው ብዬ ውሻውን ፈታሁበት። ሄደ።»

«ሽማግሌ ላይ ውሻ?»

«መሬቴን የነጠቀ ሽማግሌ ላይ፣ አዎ! አንቺ ምን አገባሽ?»

«ነገ ዳኛ ፊት እንዲህ ስትናገር እዚያው ያስቀሩሃል። እኔም አላዝንልህም» አለችው። የተናገረችው ከልቧ ነው፤ ሰውየውን ጠልታዋለች። ነገር ግን የሚዋሽ ሰው ውሻውን አይናገርም። ይህ ከነከናት።

ቀጥላ ድንጋይ ጠራቢውን ባዳቾን አስጠራች። ባዳቾ መዶሻውን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«የኔ ናት፣ ኢንስፔክተር። ግን ማታ ማታ ሐጂ ዕቃ ቤት ነው የማስቀምጣት። ይቆለፋል። ቁልፍ ለቤት ሰው ነው እንጂ ለእኔ የለም።»

«ድንጋዩን እንዴት አገኘኸው?»

«እኔ ጉድጓድ የጀመርኩት ወዲያ፣ ኮባው ጋ ነበር። ሙዘሚል መጣና ‹ተው፣ ምሰሶው እዚህ ይሁን› አለኝ። ቆፈርኩ፣ ወጣ። እልል ተባለ። እኔን ግን ይድነቃቸው ‹ጠንቋይ› ብሎ ሰደበኝ። እኔ የጌታ ሰው ነኝ!»

ሙዘሚል የሐጂ የወንድም ልጅ ነው። ዕቃ ቤቱ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በሟቹ ኪስ ተገኝቷል፣ አንዱ እሱ ጋ ነው፣ ሦስተኛው የሐጂ ልጅ መኪያ ጋ ነው። መኪያ ግን ቦምቤ ከተማ ለቅሶ ደርሳ ከለቀስተኞቹ ጋር አድራለች፤ የተመለሰችው ዛሬ ነው። አዛለች ደውላ አረጋገጠች።

መኪያ ዓይኗ አብጧል። ቁጣዋ ግን ከሐዘኗ በልጧል።

«ገዳዩን ይዛችሁ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?»

«አባትሽ ድንጋዩን ሲያዩ ምን አሉ?»

«አለቀሱ። ዓይናቸው ስለደከመ ያነበበላቸው ሙዘሚል ነው። ከትናንት በስቲያ መነጽራቸው ሲመጣ ግን ራሳቸው ሄደው አዩት። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበሉም።»

«1925 በሂጅራ ስንት ይሆናል?»

«እኔ እንጃ። እሱ እንዲህ በአፍ አይሰላም። ረመዳን ራሱ በየዓመቱ እየሸሸ አይደል የሚመጣው? የመስጊዱን ሼኽ ይጠይቋቸው።»

አዛለች ቀና አለች። ኮሌጅ ሳለች አብራት የምታድር ልጅ ረመዳንን በኅዳር ትጾም ነበር። የዛሬ አሥር ዓመት ረመዳን በሰኔ ዝናብ መሃል ገባ። ዘንድሮ ደግሞ በየካቲት መጨረሻ። ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ከድንጋዩ ጋር አያይዛ ያሰበችው ግን ገና አሁን ነው።

ሙዘሚልን ያገኘችው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ባለችው ቢሮው ነው። «ትርጉም፣ ጽሕፈት፣ የቀን ቅየራ» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ያንን ሰው ብትፈቱት እኛው እንጨርሰዋለን!» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«ኧረ ተረጋጋ። ሥራህ ቀን መቀየር ነው አይደል?»

«የዲፕሎማ፣ የልደት፣ የጋብቻ፤ ስንቱን!»

«እስቲ እኔንም ጥቀመኝ። አያቴ የተወለደችው በ1940 ነው። በፈረንጅ?»

«1947 ወይም 48። ሰባት ወይም ስምንት መጨመር ነው።»

«በሂጅራስ?»

«1369» አለ ሳይተነፍስ።

«ቀልጣፋ ነህ» አለችውና ወጣች። ከዚያ በቀጥታ መስጊድ ሄዳ ሼኹን ሁለት ነገር ጠየቀቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ድንጋዩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ገብረአማኑኤል ወንበር ተሰጣቸው። ሼኹ ከመኪያ ጎን ቆሙ፤ ባዳቾ ራቅ ብሎ። ይድነቃቸው በካቴና ታስሮ ሲገባ የአጥሩ ዙሪያ በስድብ ተናወጠ።

«ስድቡን አቆዩት» አለች አዛለች። «ድንጋዩ ውሸት ነው።»

ጫጫታው ቀጥ አለ።

«የሐጂ አያት በ1925 ሞቱ፤ ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ሼኽ፣ 1925 በሂጅራ ስንት ነበር?»

«1351» አሉ ሼኹ።

«ድንጋዩ ግን 1354 ይላል። 1354 የገባው በ1927 ነው። ቀባሪዎቹ ሁለት ዓመት የሚቀረውን ዓመት ከየት አምጥተው ቀረጹት? በዚያ ላይ ድንጋዩን ካመንነው አያትየው የተቀበሩት ከ1926 በኋላ ነው። ድንጋዩ የሚመሰክረው ለይድነቃቸው ነው ማለት ነው።»

ይድነቃቸው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየ።

«ስህተቱ ከየት መጣ? እኛ አገር ቀን የሚቀይር ሰው አንድ ልማድ አለው። በእኛና በፈረንጅ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ነው፤ የጥንቱም የዛሬውም ያው ነው። ሂጅራ የሚቆጠርበት የጨረቃ ዓመት ግን በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያጥራል፤ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ ዓመት ይቀድመናል። በ1925 ልዩነቱ 574 ነበር። ዛሬ፣ በ2017፣ ሂጅራው 1446 ነው፤ ልዩነቱ 571 ሆኗል። አቶ ገብረአማኑኤል፣ ከ1925 ላይ 571 ይቀንሱልኝ።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ነካኩ። «1354» አሉ ቀስ ብለው።

«የዘንድሮውን ልዩነት ይዞ የቀነሰ ሰው ነው የሠራው። ዛሬ ጠዋት የአያቴን ዓመት፣ 1940ን፣ አንድ ሰው በሂጅራ 1369 ብሎ ቀየረልኝ። ሼኹ 1367 ነው አሉኝ። ከ1940 ላይም 571 ነው የተቀነሰው። አይደል ሙዘሚል?»

«ማንም መቀነስ ይችላል!» ሙዘሚል ጮኸ።

«ይችላል። ባዳቾን ግን ‹እዚህ ቆፍር› ያልከው አንተ ነህ። ዕቃ ቤቱም ሳይሰበር መዶሻው ወጥቷል። የሐጂ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ መኪያ ቦምቤ ነበረች። የቀረኸው አንተ ነህ። ሐጂ በመነጽራቸው ዓመቱን አነበቡ፣ ከአያታቸው ዘመን ጋር እንደማይገጥም አወቁ። ዝም በሉ አልካቸው፤ እምቢ አሉህ።»

መኪያ ወደ አጎቷ ልጅ ዞረች። «ሙዘሚል?»

«ለዚህ ሰው ብለው እኮ ነው!» ሙዘሚል ይድነቃቸውን በጣቱ ጠቆመው። «ስንት ዘመን የሰደበንን ሰው! ለምኛቸዋለሁ ወላሂ! ‹የአያቴን ስም በውሸት ድንጋይ አላስነሳም፤ ሄጄ እነግረዋለሁ› አሉ። ውሻ አባሯቸው ሲመለሱ እንኳ ‹ነገም እሄዳለሁ› ይሉኛል! ነገም!»

መኪያ ልትመታው ተንደረደረች፤ ሼኹ ያዟት። ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። ጠዋት ድንጋይ የጨበጡት ሰዎች አሁን መሬት መሬት ያያሉ፤ ይቅርታ ያለ ግን አንድም አልነበረም።

ይድነቃቸው የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ አዛለች ቀረበ። «እንግዲህ መሬቱ የኔ ነው ማለት ነው?»

አዛለች ትክ ብላ አየችው። «ሐጂ ትናንት በርህን ያንኳኩት ይህንኑ ሊነግሩህ ነበር» አለችው። «ከፍተህ ብታስገባቸው ኖሮ ሙዘሚል የሚደብቀው ነገር አይኖረውም ነበር። ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

ከበሩ በኩል ውሻው ጌታውን አይቶ ሲያላዝን ተሰማ። መኪያ ከሼኹ እጅ ወጥታ ይድነቃቸው ፊት ቆመች።

«ምን ብለው ነው የጠሩህ?» አለችው። «በመጨረሻ፣ በሩ ላይ።»

ይድነቃቸው ፊቱን ወደ ውሻው አዞረ። ሊያያት አልቻለም።

«ልጄ» አለ። «‹ልጄ፣ ክፈትልኝ› ነው ያሉኝ።»