የክንፈ ወገብ

ዳግማዊት ክንፈን ከፊቱ በፊት ያወቀችው በጀርባው ነው።

ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። የምትሠራው በሴቶቹ በኩል ነው። በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ግን ከወንዶቹ በኩል ተጠራች። ቻይናዊው የመርፌ ሐኪም ዶክተር ሊን አንድ ሐበሻ በደረቱ አስተኝቶ ግራ ገብቶታል። ሕመምተኛው ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ብረት ሲጭን ወገቡን የተጎዳ ወጣት ነው። አረብኛው ከ«ያላ» እና ከ«ኸላስ» ብዙም አያልፍም፤ መርፌዎቹን ካየ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አልነካም ብሏል።

«እህቴ» አላት፣ ፊቱን በአልጋው ቀዳዳ ውስጥ እንደደፋ። ከእሷ የሚታየው ነጭ ጫማዋ ብቻ ነበር። «ይኼ ሰውዬ ሊያክመኝ ነው ወይስ ሊሰፋኝ?»

ሳቋ አመለጣት። «አይዞህ ወንድሜ፤ ከእሾህ አይብስም።»

«እሾህስ ቢሆን ይኼ ሁሉ በአንዴ ይወጋል?»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሕክምናው የሁለት ባለሙያ ሆነ። ዶክተር ሊን ቀጫጭን መርፌዎቹን ወገቡ ላይና ከጉልበቱ በስተኋላ ይተክላል፤ መርፌዎቹ ተነቅለው ሕመሙ ጋብ ሲልለት ዳግማዊት ተቀብላ ታንቀሳቅሰዋለች። በሩ ክፍት ይሁን ብሎ የክሊኒኩ ባለቤት አዟል፤ በሩም ክፍት ነበር።

«ጀርባህን አታጉብጥ» ትለዋለች፣ ውኃ የተሞላ ጀሪካን እያስነሣችው። «እግርህን ከፈት አድርግ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ደረትህ ላይ አስጠጋው፤ ስትነሣ ተንፍስ። ግራ እግርህን ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት!»

«አሁንማ ዳንኩ እኮ፤ ምንም አይሰማኝም።»

«መርፌው ሕመምህን ዝም አሰኘልህ እንጂ ወገብህን አልሠራልህም። እሱን የምትሠራው አንተ ነህ።»

መርፌ ተተክሎ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ መናገር ግን አልተከለከለም። ክንፈ በደረቱ እንደተኛ ለነጭ ጫማዋ ያወራል፦ ጋይንት ስላለው የአባቱ ማሳ፣ ዑድ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ስለተከራያት ጠባብ ክፍል፣ ተራው በደረሰ ቁጥር ስለሚያሳርረው ሽሮ። ዳግማዊት ትስቃለች። እሱ በሚመጣባቸው ቀናት ጫማዋን አሳምራ መወልወል ጀመረች።

ክረምቱ ሲገባ ዶክተር ሊን እርምጃ አዘዘለት። ክንፈም ዓርብ ዓርብ ከዑድ ራውዳ ድረስ እየመጣ መናፈሻው ውስጥ ይራመድ ጀመር። ዑድ መንገድ ጠፍቶ ነው እንዴ? እሱን ለክንፈ እንተወው። እሱ ከፊት ይሄዳል፤ እሷ ዓባያዋን ለብሳ ራቅ ብላ ከኋላ ትከተላለች። ላያቸው የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ ስልኩ ግን ከሁለቱም ጆሮ አይነሣም።

«በግራህ እያነከስክ ነው።»

«ዞሬ ልይሽ?»

«አትዙር፤ ሰው ያያል። ቀጥ በል።»

«እህቴ፣ አንቺ ጀርባዬን ስታዪ ከረምሽ። እኔስ ምን ልይ?»

በስልኩ ውስጥ የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማል።

«ክንፈ።»

«ወዬ እህቴ።»

«ከእንግዲህ እህቴ አትበለኝ።»

ክንፈ ቆመ። አትዙር መባሉን ረስቶ ዞረ። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ነበር፤ ዓይኗን ግን አላወረደችም። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ዳጊ ሆነች።

መስከረም ጠባ። የክንፈ ካፊል፣ በስሙ ያስመጣው አሠሪው አቡ ናይፍ፣ ነገሩን ሊቆርጥ እንደሚመጣ መልእክት ላከ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሕክምናውን ወጪ ችሏል። ነገር ግን ከብረት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ክንፈንም ለሌላ አሠሪ አሳልፎ አይሰጥም። መሸከም ከቻለ ይቆያል፤ ካልቻለ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ይመታለትና አገሩ ይገባል።

«ዳጊ» አለ ክንፈ በዋዜማው፣ መርፌው እንደተተከለበት። «ነገ ‹ይሸከማል ወይ› ብሎ ሲጠይቅሽ ‹አዎ፣ ሚያ ሚያ፣ መቶ በመቶ› በይልኝ።»

«ትሸከማለህ?»

«መርፌ በተተከልኩ ቀን እሸከማለሁ።»

«በማግሥቱስ?»

ጎንበስ ብላ ወደ አልጋው ቀዳዳ ተጠጋች።

«ያ ብረት ዳግመኛ ከጣለህ አትነሣም እኮ፣ ክንፈ።»

«ከአንቺ ተለይቼ ብነሣስ ምን ሊረባኝ?»

እንባዋ ነጭ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ። እሱ በቀዳዳው አየው።

በማግሥቱ አቡ ናይፍ በሩ ላይ ቆሞ ዶክተር ሊንን ጠየቀ። ዶክተር ሊን ደግሞ የምታሠራው እሷ ናት ብሎ ወደ ዳግማዊት ዞረ። የክንፈም ዓይን እሷ ላይ ነው።

«አዎ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። እሱን ካለች ክንፈ ሪያድ ይቀራል፤ ዓርብ ሲሆን ከፊቷ ይራመዳል። ግን እስከ መቼ? ያን ወገብ ከባለቤቱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

«ላ፣ አይችልም» አለች በአረብኛ። «ይራመዳል፣ ይሠራል፤ ብረት ግን አይሸከምም።»

ስለምትወደው ነው ላ ያለችው። ክንፈ ግን ጃኬቱን አንሥቶ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ወጣ።

ወደ አገሩ ሊሳፈር ሲል ደወለችለት።

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ጠብቀኝ።»

«ሸክም የማይችል ወንድ ቤት በምን ትገቢያለሽ?»

«በበሩ ነዋ!»

አልሳቀም። «‹አዎ› ብትዪልኝ ኖሮ አምንሽ ነበር» አለና ዘጋው።

ክንፈ የተማረች ሴት ናትና የጉልበት ሠራተኛ ብሆንባት በሰበብ ሸኘችኝ ብሎ ደምድሟል። ዳግማዊት ግን ቃሏን አላጠፈችም፤ ፈቃድ ጠየቀች፣ ትኬት ቆረጠች፣ ለእናቱ ነጠላ ሳይቀር ገዛች። ፋሲካ ሳይደርስ ኮሮና ደረሰ። አውሮፕላኑ ቆመ፣ ሪያድም ተዘጋች። የክንፈ ስልክ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ አያነሣም። ኋላ መጥራቱንም ተወ። መንገዱ ሲከፈት ዑድ አብሮት ይኖር የነበረውን ካሳሁንን ደውላ ጠየቀችው።

«አልሰማሽም እንዴ እህቴ?» አላት ቀስ ብሎ። «አገባ እኮ።»

ነጠላውን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ መለሰችው። በዚያ ሳምንት ጫማዋን አልወለወለችም።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ምሳ እየበላች ሳለ ከማታውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣላት። ድምፁን ወዲያው ለየችው።

«ዳጊ፣ ክንፈ ነኝ። ካሳሁን በእኔ ቦታ ገብቶ ያንኑ ብረት ሲጭን ወገቡ ተሰበረ። በተሽከርካሪ ወንበር ነው ኤርፖርት የተቀበልነው። ያኔ ላ ያልሽው ለምን እንደሆነ እሱን ሳይ ገባኝ። ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ቀጥሎ ቪዲዮ መጣ። ክንፈ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ አንዲት ሕፃን እጇን ዘርግታ እቀፈኝ ትላለች። እግሩን ከፈተ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ልጅቱን ደረቱ ላይ አስጠጋ፣ «እፍ» ብሎ ተነፈሰና ቀጥ ብሎ ተነሣ።

«ኧረ ልጅ ለማንሣት ይኼ ሁሉ ሥርዓት!» ይላል የምትቀርጸው ሴት ድምፅ፣ እየሳቀ።

ዳግማዊት ደጋግማ አየችው። ልጅቱን አይደለም፣ ሴትዮዋንም አልፈለገችም፤ የምታየው ያ ጉልበት ሲታጠፍና ያ ጀርባ ቀጥ ሲል ነው። እሷ የሠራችው ወገብ የሌላ ሴት ልጅ ተሸክሞ ቆሟል። ልቧ ተሰበረ፤ ደግሞም ደስ አላት።

«መጥቼልህ ነበር እኮ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ትኬት ቆርጬ ነበር» ብላ ጻፈች። እሱንም አጠፋችው። ዓይኗን ጠርጋ ቪዲዮውን እንደገና አንድ ጊዜ አየችና እንዲህ ብላ ላከች፦

«ግራ እግርህን ትንሽ ወደ ፊት አድርግ። አሁንም ትረሳዋለህ።»

መልሱ አልዘገየም።

«እሺ እህቴ።»