ስካፍል

«አንቺ ምንም አላየሽም፤ አይደል?» አለች ወርቄ የጸደንያን ክንድ ይዛ።

ጸደንያ ግን አይታለች። ጠዋት በእረፍት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ጋ ወረፋ ይዘው ሳለ ወርቄ ዘሊካን በሁለት እጇ ገፋቻት። ዘሊካም የወርቄን ሹራብ ጨመደደች፤ ተያያዙ፤ ተጓተቱ፤ ጭቃው ላይ ወደቁ። የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደር ሲደርሱ ቀድማ የተናገረችው ወርቄ ናት፤ «እሷ ናት የጀመረችው!» ዘሊካ ወላጅ እንድታመጣ ታዘዘች። እዚህ መካነ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት፤ እናቷ ያሉት ሩቅ ገጠር ነው።

«አታካብጂው እንግዲህ፤ ይሄ እኮ ጠብ አይባልም» አለች ወርቄ። «አብሽሪ፣ ይረሳል።»

ጠብ ካልተባለ ታዲያ ምን ይባላል? ጸደንያ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የዕለቱን የእንግሊዝኛ ቃል የምታነብ ልጅ ናት፤ ነገሩ ከነከናት። ከክፍል ሲወጡ ወርቄን «በር ላይ ጠብቂኝ» ብላት የእንግሊዝኛ መምህሩን የኔአለምን ፍለጋ ሄደች።

«ቲቸር፣ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ትንሽ ተጓትተው ቢለያዩ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ስካፍል» አሉ መምህሩ። «አጭር፣ ድብልቅልቁ የወጣ ግብግብ ማለት ነው። ጦርነት ስካፍል አይባልም። ልፊያም አይባልም፤ ልፊያ ጨዋታ ነው።»

«ቃሉ ከየት መጣ?»

መምህሩ ፈገግ አሉ፤ ይህን የሚጠይቃቸው ተማሪ ብዙም የለም። «በእርግጠኝነት የሚታወቅ አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ሳይመጣ አይቀርም ይባላል። በስዊድንኛ ‹ስኩፍ› ማለት ግፊያ ነው።»

ጸደንያ ቀስ ብላ፣ «ማን እንደገፋ ግን ቃሉ አይናገርም፤ አይደል?»

«ቃል ብቻውን ምን ይናገራል? ለእሱ ዓረፍተ ነገር ሥሪ፤ ባለቤት ያለው።»

ወርቄ በሩ ላይ ቆማለች። «ምን ሆነሽ ነው የቆየሽው?»

«ዘሊካ እናቷን ልታመጣ ልትሄድ ነው» አለች ጸደንያ። «ሳትሄድ ያየሁትን ለዩኒት ሊደሩ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ብትነግሪያቸው ግን ይሻላል።»

የወርቄ ፊት ተለዋወጠ። «ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ። መጀመሪያ ላንቺ የነገርኩሽ ለዚያ ነው።»

ጸደንያ ወደ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ዞረች። ወርቄ ከፈለገች እንድትደርስባት ቀስ እያለች ተራመደች።